በአጥሩ ግርጌ

ዋውሶ ላይ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ከባሉጡ ዛፍ ስር
አምስት ጸደይ ሙሉ ዘራሁ ሣር።
አምስቴም በሐምሌ ራሰ በራ ሆኖ
አፈሩ ያየኛል፣ ዘሬም ላቤም ተኖ።

ጉልበቴ ደከመ። አንድ ቀን ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ፤
ጥፍሯ ውስጥ አፈር ያለባትን ኦዴትን አማከርኩ።
“ሣሩን ተይው” አለች፣ “ዛፉ አይወደውም፤
አብሮት ያደገ አለ፣ ጥላ አያስከፋውም።”

ቄጠማ ሰጠችኝ፤ ከመርከብ ያልወረደ፣
እዚሁ ጫካ ውስጥ ከባሉጥ ጋር የተወለደ።
“አገዳውን በጣቶችሽ መሀል አሽከርክሪው” አለችኝ፤
አሽከረከርኩት። አልዞር ብሎ በሦስት ጠርዙ ያዘኝ።

ስድሳ ችግኝ፣ በስንዝር ተኩል ርቀት።
የመጀመሪያው ዓመት ውሃ፤ ከዚያ ምንም፤
ማዳበሪያ የለም፣ ማጨጃም የለም፤
በዓመት አንዴ ብቻ፣ በረዶው ሲቀልጥ
አሮጌውን ጸጉር በመቀስ መቁረጥ።

ሌስተር፣ ጎረቤቴ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ማሽኑን የሚያስነሣው፣
ሣሩን እንደ ምልምል ወታደር ጸጉር የሚላጨው፣
በአጥሩ ላይ አየና “ይኼ ምንድነው?” አለ።
“ቄጠማ።”
“ቤትሽ ረግረግ ሆነ እንዴ? ዳክዬውስ የት አለ?”

በነሐሴ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፦
ሣርዎ ከሃያ ሳንቲ ሜትር በልጧል፣ ይቀጣሉ።
ማን እንደጠቆመ አልጠየቅሁም።
ተቆጣጣሪው መጥቶ ማስመሪያውን ተከለ፤
ነፋስ ነበረ፤ ቄጠማው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣
ከቁጥሩ በታች ተኛ እንጂ ጫፉ አልደረሰም፤
ሰውየው ሳቁን ዋጠ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም አልጻፈም።

ሦስት ዓመት። በጨለማ፣ ድምፁን አጥፍቶ
ሥሩ በአጥሩ ግርጌ ሾለከ፣ ወሰኑን ረስቶ።
የባሉጥ ጥላ መቼም አጥር አያውቅም፤
ሌስተርም ጋ ያው መላጣ ነበር። በየመኸሩ
ዘር ይበትንበታል፣ ለማንም አይናገርም።
እዚያ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ በቀለች፣
ቀጥላ መዳፍ አከለች፣ ሚያዝያ ላይ አበበች፤
ቢጫ፣ የኩል እንጨት የሚያህል።

ሰኔ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ማሽኑ ተነሣ።
መጋረጃዬን ያዝኩ። ከዳሩ ሲደርስ
ድምፁ ዝቅ አለ፤ ቆመ፤
ከዚያ ጎማውን አዙሮ በዙሪያዋ አለፈ፣
ሕፃን በተኛበት አልጋ አጠገብ እንደሚታለፈው።

አላመሰገንኩትም። ምንም አላለኝም።
ማክሰኞ ማታ ግን አጥሩን ተደግፎ፦
“ያቺ ሣር…” አለ፣ “ፊት ለፊት ካለው ዛፌ ስር
ቆርጬ ባዛውራት ትሞታለች?”

“ሣር አይደለችም” አልኩት።
“መስከረም ላይ ና። መቆፈሪያ ያዝ።”