ከእኔ በኋላ በሉ

አፉላ፣ ኡልፓን፣ መስኮቱ በማይዘጋው ክፍል፣
«ከእኔ በኋላ በሉ» አለችን ኦርና።
«ቦከር ቶቭ» አለች፤ «ቦከር ቶቭ» አልን።
ጉሮሮዋን ከረከራትና ሳለች፤
አርባ ሆነን፣ ባንድ ድምፅ፣ ሳልን።
ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ማታ ይህን ብነግረው የልጄ ልጅ ኤልያቭ
«ቱኪ!» አለኝ። በቀቀን ማለቱ ነው።
አልተቀየምኩም፤ ትራሴ ላይ ሆኜ ቃል ቆጠርኩ እንጂ።
እኛ ጋ ለሚከተል ሰው መች ስድብ ጠፍቶ!
የጌታውን ዱላ ተሸክሞ የሚሮጥ፣ ጀሌ፤
ሙሽራዋን ሳያውቅ የሚያጨበጭብ፣ አጫፋሪ፤
የጎረቤቱን ሰሌዳ አይቶ የሚጽፍ፣ ኮራጅ።
ገደል እንኳ፣ የሰው ድምፅ ስለመለሰ፣
ማሚቶ የሚል ስም ተለጥፎበታል።
የቀሱን ዜማ ከኋላ የሚቀበለው ደብተራ ግን
ይከበራል፤ ወንበር ይለቀቅለታል።
ጥጃስ? እናቱን ቢከተል ማን ይሰድበዋል?

ዓርብ ከሱቅ ስንመለስ ዞር ብል፣ ኤልያቭ፦
እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
ጉልበቱን ሳያመው
ግራ እግሩን እንደኔ ጎተት እያደረገ።
የቆጠርኳቸውን ቃላት አንድ ባንድ አነሳሁ፣
አንዱም አልሆነው አለ።
ዳቦውን ሰጠሁት፣ እንዲይዝልኝ።

ኦርና ጡረታ ወጣች አሉ።
እኔም ባንክ ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ።
ግን ጠዋት፣ ደረጃው ላይ፣ ለራይሳ
«ቦከር ቶቭ» ካልኩ በኋላ
እስካሁን ትንሽ እስላለሁ።
ከሩሲያ የመጣች ናት፣ ቋንቋው አልገባት፤
ሰላምታው እንዲህ መስሏት፣
እሷም ስላ ትመልስልኛለች።