ልጣጭ

ከልደታ ፍርድ ቤት ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፣
አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩ የሰው ክስ፣ የሰው ሐዘን።
ዘንድሮ ስክሪኔ ለምጽ አወጣ፤
ነጸብራቅ እንዳይመታው የተቀባው ሽፋን
ካንዱ ጥግ ተነሥቶ፣
«ከሳሽ» የሚለው ላይ ጉም መስሎ ተኝቶ፤
ባለጉዳይ ሁሉ በጣቱ ይጠርገዋል፣
«እህቴ፣ ስሜ ላይ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ሸምሱ ጠጋኙ ከምድር ቤቱ ወጥቶ አየና ሳቀ።
«ግማሹን ተላጭቶ ከጸጉር ቤት የሚወጣ አለ?
ጨርሺው።»

እሑድ በሩን ዘጋሁ።
እርጥብ ጨርቅ፣ የፋርማሲ አልኮል፣
ሒሳቡ ያለቀ የሞባይል ካርድ።
አረጠብኩ፣ ጠበቅሁ፣ ፋቅሁ፣
እንደገና አረጠብኩ፤
ከቀትር በኋላ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ
እሺ ብሎ ለቀቀ።
ቀኝ ታች፣ ሰዓቱ ላይ፣
በጥድፊያ የጫርኳት አንዲት መስመር ቀረች።

ሰኞ አበራሁት። ፊደሉ ጠራ።
ግን ያ ሽፋን ለካ ሥራ ነበረው፤
በሩ ገባበት፣
ሰማያዊው ታክሲ ግራው ቀኝ ሆኖ አለፈበት፣
የኔም ፊት ከነመነጽሬ
«ለክቡር ፍርድ ቤት» ላይ ተቀመጠ።

አቶ ደርበው መጡ፤
የቀበሌ ቤት ክርክር፣ ሰባተኛ ቀጠሮ።
ስማቸውን ሊያነቡ ጎንበስ ቢሉ
ራሳቸውን አገኙ።
ዝም አሉ።
ባርኔጣቸውን አወለቁ፣
የጃኬታቸውን ኮሌታ አቀኑ፣
ጢማቸውን በመዳፍ ዳበሱ፣
መስታወቱን እንደ ዳኛ ትክ ብለው እያዩ፤

«በይ» አሉኝ፣ «አሁን ጻፊ።»