ታኮ

ደጀን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮዋ ቤቴ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ ነው ሀብቴ።
በሰዓት ሃያ ብር። ዱቤ ክልክል ነው። ጫት ክልክል ነው።
ከሁሉ የሚወደደው ጌም ስሙ በባዕድ ፊደል ነው፤
ልጆቹ ግን «ቀይ አፈር» ብለው አጥምቀውታል፣
ሁለት ጨረቃ ከላዩ፣ ነፋስ ብቻ ይኖርበታል።
ባለ ስድስት ጎማ መኪና፣ ጣሪያው ላይ መድፍ የተተከለ፣
ጎኑ ላይ ሮኬት የታቀፈ፣ በጥይት የበሳሳ፣ የከሰለ።
የጠላት መኪና ከዋሻ እንደ ንብ ሲግተለተል፣
ቢራራ ነው ከንፈሩን ነክሶ ያንን ሁሉ የሚያቃጥል።

ጋሽ አንዳርጌ የገቡት ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ገፍቷቸው፣
ዣንጥላቸውን ሳያጥፉ ቆመው አዩ፣ ውሃው እየወረደ ከላያቸው።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊያት ከነተሳቢው የነዱ፣
ሲሚንቶና ማዳበሪያ ጭነው ዓባይን የወጡ፣ የወረዱ፤
ዛሬ ግራ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ መንጃ ፈቃዱ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፣
እግራቸው ግን ቁጭ ብለውም ፍሪሲዮን ይፈልጋል።

«ስንት ነው?» አሉኝ። ሃያ ብር። ሃያ ብር ሰጡ፣
ቢራራን ገፋ አድርገው ከዱካው ጫፍ ተቀመጡ።
ጠላት መጣ። አልተኮሱም።
«ይተኩሱ እንጂ ጋሼ!» ቤቱ ጮኸ፤ ጭራሽ አልሰሙም።
«መንገድ ላይ ሰው አይጣላም፤ ማሳለፍ ነው።»
ዳር ይዘው ቆመው ሞቱ። ሦስቴ ሞቱ። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነው።

በማግስቱ መጡ። በሠልስቱ መጡ። በሳምንቱም መጡ፤
ጦርነቱን ትተው ከካርታው ጠርዝ፣ ከገደሉ አፋፍ ወጡ፣
የኛ ጎበዞች በሙሉ ፍጥነት እየዘለሉ ያለቁበት፣
ታች ምን እንዳለ እስከዛሬ አንድም ልጅ ያላየበት።
ቆሙ። አንገታቸውን አዘንብለው ሞተሩን አዳመጡ።
«ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው» አሉ ሳይቆጡ።
አንደኛ ማርሽ። ጠመዝማዛ። ደግሞ ሌላ ጠመዝማዛ፣
ግራው ቀይ ድንጋይ፣ ቀኙ ባዶ፣ ከታች ጉም፣ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ።
እኔ ሰዓት መቁጠር ረሳሁ፤ ቢራራ መተንፈስ ረሳ፣
ከደጀን እስከ ኩራር የማውቀው መንገድ ከቴሌቪዥኑ ተነሳ።

ከገደሉ ወለል የተገለበጠ መኪና አለ፣
ስድስት ጎማው ወደ ሰማይ፣ ግማሹ አሸዋ የበላው።
የእጅ ፍሬን ፈለጉ። የለም።
«ታኮ የሚጥለው የቱ ነው?» አሉ። ማንም አልመለሰም።
መድፍ አለ፣ ሮኬት አለ፣ ጋሻ አለ፣ ከዚያ ሁሉ ቁልፍ፤
ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያኖር የለም፣ የቆመን የሚደግፍ።

«ልየው ነበር የሚጥለው» አሉ፤ ለማንም አይደለም ያሉት።
«ረዳቴ። በሰባ ስምንት ክረምት።
ፍሬን እንቢ ሲል ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደ።
ድንጋዩ ረጥቦ ነበር።»
ከዚያ ዝም።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ቢራራ ቀስ ብሎ እጁን አሻገረ፣ ባለሦስት ማዕዘኑን ተጫነ፤
ከመኪናው ሆድ ትንሽ ሮቦት ወርዶ ጎማው አጠገብ ሆነ፤
መንገድ አይቶ የሚመለስ፣ ድንጋይ ለቅሞ የሚያመጣ፣
ተዋጊዎቹ የናቁት፣ እስከዛሬ አንዴም ያልወጣ።
ጋሽ አንዳርጌ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት፣ በደህናው ዓይናቸው።
«ግባ» አሉት። «በቃ፣ ግባ፣ ዝናብ ነው።»
ጣታቸው አልተንቀጠቀጠም፤ አገጫቸው።

መብራት ጠፋ። ሐምሌ አይደል?
«ሴቭ አልተደረገም!» ልጆቹ በጨለማ እሪ አሉ።
ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል፣ አሥር ብር ልመልስ ብዬ
መሳቢያዬን ስዳብስ እጄን ያዙኝ፣
ሌላ ሃያ ብር አስጨበጡኝ።
«የሁለት ሰው ነው» አሉ።
በሩ ላይ ዣንጥላቸውን ዘረጉ፣ ወደ ቀኝ አዘንብለው፣
ግራ ትከሻቸው እየረጠበ
ሄዱ።