የወርቅ አመድ

ጥር ነው በሳስካቱን፤ ወንዙ እንደ ቆመ ረግቷል፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤ የመኪናዬ በር ተጣብቋል።
እኔ ግን ምድር ቤት ነኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ፣ ካንድ ዓይናው አውሬ ፊት።

ማላቪካ ናት ያመጣችው፣ በወረቀት ጠቅልላ፣
ካባቷ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሳያያት፣ በማንኪያ ጫፍ ከፍላ።
ጡብ የመሰለ ትቢያ።
«ወርቅ ነበር» አለችኝ።
«የምን ወርቅ?»
«የእናቴ አምባር» አለችና ተወችኝ።

አባቷ ቫሱዴቫን፣ ሕክምናን ካያቱ የወረሰው፣
እዚህ አገር ማንም ሐኪም ብሎ የማይጠራው፣
አምባሩን ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ እንደ ወረቀት አሳሳው፤
በዘይት፣ በአሬራ፣ በከብት ሽንት ነከረው፤
ከሰልፈር ጋር ፈጭቶ፣ በሸክላ ከድኖ፣ በጭቃ ለስኖ፣
ዋርማን ካለ ከብት አርቢ ኩበት በመኪና ጭኖ
ጋራዡ ደጃፍ አነደደው። ዐሥራ አራት እሳት ነው ሕጉ።
በሦስተኛው ጎረቤት ደወለ፤ እሳት አደጋ መጣ፤
እሱ ትኩሱን ሸክላ ታቅፎ በበረዶው ላይ ወጣ።
«መድኃኒት ነው» አላቸው።
«የማን?»
«የሚስቴ።»

በዐሥራ አንደኛው እሳት ላይ ሚስቱ ሞተች።
የቀሩትን ሦስቱንም አነደደ።

አሁን በየማለዳው ከማር ጋር ይልሰዋል፤
ለእሷ ያልደረሰውን እሱ ይውጠዋል።

«ወርቅ መሞት አለበት» ይላታል፣ «ሰው እንዲድን።
መሞቱን በምን ታውቂያለሽ?
ውኃ ላይ በትኚው፣ ካልሰጠመ፤
ፀሐይ ላይ ያዢው፣ ካላብለጨለጨ፤
በጣትሽ እሺው፣ መስመሩ ውስጥ ከቀረ፤
መልሰሽ አቅልጪው፣ ወርቅ መሆን እምቢ ካለ፣
ያኔ ደርሷል።»

ፎቅ ላይ ያሉት ደግሞ ወርቅን በጠርሙስ ያፈላሉ፣
እንደ ወይን ሲቀላ «ናኖ» ብለው ያደንቃሉ፤
እጢው ድረስ እንዲሄድ ፕሮቲን ያለብሱታል።
ኩበት ኩበት አይሸትም ክፍላቸው።

ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ አግዝፌ ሳየው
እንደ ኑግ ተዘራ፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር ፍሬው፤
ስልሳ ናኖሜትር። ሃምሳ አምስት። ስልሳ።
ያለ መነጽር፣ በጣቱ መስመር ለክቶ
ሽማግሌው ደርሶበታል! ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ኤክስሬዩን ከፈትኩ።
ሰልፈርና እርሳስ አንድ ቦታ ይቆማሉ፣
አንዱ ባንዱ ይሸሸጋል፤
እንደ ቅኔ ነው፣ ወደ ቀኝ ራቅ ብሎ ያላየ ይሳሳታል።
ራቅ ብዬ አየሁ።
አንዲት ትንሽ ሾህ፣ ቀጥ ብላ የቆመች፤
እርሳስ።

በእኔ ቋንቋ «መድኃኒት» ሁለት አፍ አለው፤
የዳነውም የተመረዘውም «መድኃኒት ሰጡኝ» ነው የሚለው።

ከየት ገባ? ከሸክላው? ካምባሩ ብየዳ? ከኩበቱ?
ማላቪካ ጠዋት ትመጣለች።
«የእናትሽ አምባር አለበት» ልበላት?
«የአባትሽ ደም ይመርመር» ልበላት?
ሁለቱም እውነት ነው፤ መጀመሪያ የቱ?

ጓንቴ ለካ ተቀዶ ነበር።
እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤
የሌባ ጣቴ መስመር
አሁንም ቀይ ነው።