ስንት ሺህ ዙር?

ጠባሴ መውጫው ላይ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ውርጩ ከቆርቆሮው ቀልጦ ሲንጠበጠብ፣
ማርክ ቱዬን አቆምኩ፤ ሞተሯን አልነካሁ፣
በዚህ ብርድ ከተኛች ማን ይቀሰቅሳታል? ብዬ እየፈራሁ።

ጋሽ ዳምጠው ወጣ ከአንድ አይሱዙ ሥር፣
ግራሶ በጠጣ እጁ ግማሽ ዳቦ ነበር።
ስሙስ ዳምጠው ነው፣ ጆሮው አዳምጠው ነው፤
ከሰላምታ በፊት የሚሰማው እሷን፣ ቀጥሎ እኔን ነው።

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ» አልኩት ሳልቀመጥ፣
«ኮንቨርተር አገኘሁ፣ ከዱባይ የሚመጣ።
ፍሬን ይዤ ቆሜ ነዳጅ ስረግጥላት፣
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዙር የሚያስጮህላት።
ከዚያ ፍሬን ስለቅ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ!
ወሰንየለህ አስገጥሟል፤ ታዲያ እኔስ አላይ?»

ዳቦውን ጨረሰ።
«ቁጥሩን ተወውና መንገድህን ንገረኝ።
ስንት ኪሎ ናት? ዲፈረንሻሏስ ስንት በስንት?
ሞተሯ ጉልበቷን የምታወጣው የት ላይ ነው?»
መልስ አልነበረኝም።
የነበረኝ ቁጥር ነው።

ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ኮንቨርተር፣
እንደ ዱባ ለሁለት የተሰነጠቀ፣
አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
«ሁለት ማራገቢያ፣ ፊት ለፊት የቆመ፤
በዘይት ይነጋገራል፣ ብረት ብረት ሳይነካ፣
እንደ ገደል ማዶ ሰው፣
አንዱ ሲጣራ፣ ሌላው አቤት ሲል።
መሐል ያለው ትንሹ ሽማግሌያቸው ነው፣
ጠሞ የመጣውን ቃል አቃንቶ የሚመልሰው።
ያንተ ቁጥር ማለት፣
ጠሪው ምን ያህል ከጮኸ ሰሚው ይነሳል ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ቆሜ ልታጠቅ ማለትህ ደግ ነው፣ ማን ይነቅፍሃል?
መቀነቱን ይዞ ሲያጠብቅ የዋለ ሰውስ
መቼ ሊሮጥ ነው?

ደግሞ ያን ቁጥር የጻፈው የባሕር አየር የሳበ ሰው ነው።
እዚህ እኛ ዘንድ ሰማዩ ሲቀርብ አየሩ ይሳሳል፣
ሞተርህ በጎደለ ሳንባ ይጣራል፤
ሦስት ሺህ የተባለው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ይቆማል።
ሮቢት ወርደህ ማንጎ ሥር ብትሞክረው
ያው ብረት ሌላ ቁጥር ይነግርሃል።
ኮንቨርተር ብቻውን ቁጥር የለውም፣ ልጄ፤
ከፊቱ ያለው ሞተር ነው የሚያወጣለት።»

ከዚያ የውሃ ላስቲክ ከፈተ። ጥቁር ዘይት።
«አሽትት።»
ያረረ ቆሎ ሸተተኝ፣ ከሥሩም የተቃጠለ ላስቲክ።
«የማን ነው?»
«የቸኮለ ሰው።»

መለስተኛውን አስመጣን። የዘይት ማቀዝቀዣም ጨመረበት፣
ከራዲያተሩ ፊት፣ ንፋሱ የሚመታው ቦታ ላይ።
ከወንበሬ ሥር ሁለት ሊትር ዘይት ወሸቀ።
«ምነው፣ ታፈሳለች እንዴ?» ብለው፣
«ላንተ አይደለም» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከጫጫ ወዲህ፣ በቀጥታው ጎዳና፣
ወሰንየለህ ቀደመኝ በአንድ ሙሉ መኪና።
ልጆቹ አፏጩብኝ። ፉጨቱ እስከ ማታ
ጆሮዬ ውስጥ አደረ፣ እንደ ላላ ቺንጋ።

እሁድ ከሮቢት ስመለስ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣
ቆሎ ሻጮቹን አልፌ፣ ዋሻው ሳይታይ፣
ጉሙ መሐል ቆማለች ኮፈኗን ከፍታ።
ጭስ እንኳ አልነበረም፤
ያ የማውቀው ሽታ።

ልስቅ ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። ልጁ
በጃኬቱ እጅጌ ካምቢዮውን ይነካል፣ ያቃጥለዋል፣ ይነካል፤
እንደታመመ ልጅ ግንባር።
«ትርፍ ዘይት አለህ?»
እጄን ከወንበሬ ሥር ላክሁ።
እሱ ሲያንቆረቁር የእጅ ባትሪ ያዝኩለት።
ስለ ቅዳሜ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁ።

ዋሻው ውስጥ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ፣
ግድግዳው የእኔኑ ድምፅ መለሰልኝ፣
ጠሪው ሳይጮህ፣ ሰሚው ሳይዘገይ፣ ዳገቱን ጨረሱት።

ያ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የተጻፈበት ወረቀት
እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።
ለጋሽ ዳምጠው ጣልኩት ብዬዋለሁ።