የጫማ ልክ

ፈርዋኒያ ውስጥ ነኝ፤ የሰባት ፎቅ ሃሪስ፣
ንጋት ላይ መኪና የማጥብ፣ ማታ ቆሻሻ የማፍስ።
ክፍሌ ምድር ቤት ናት፣ ከውሃ ሞተር ጋር ግድግዳ ተጋርታ፣
ሲያጓራ ነው የሚያድር፣ ሁሌ ማታ ማታ።

ባለቤቴ ሩቅያ፣ ባቲ ከተማ ላይ፣
ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፣ ከሰኞ ገበያው መውጫ፣ ከወፍጮ ቤት በላይ፤
አንድ ኮምፒውተር፣ አንዲት አሮጌ ማተሚያ፣
ለውል፣ ለመታወቂያ፣ ለክስ መልስ መጻፊያ።
ስትበላሽባት ደውላ ትለኛለች፦
«ቀይ መብራት አብርታ፣ ወረቀቴን ውጣ፣ ጥርሷን ነክሳለች።»
«የቱን ልጫን?» «ያንን።» «የቱን ያን?» እያልን፣
ስንት ካርድ ጨረስን፣ ስንት ቀን ተጣላን።

ቪፒኤን ይሉታል። ሱሬሽ ነው፣ የሦስተኛው ፎቅ፣ ያስተማረኝ ዘዴ፣
ኤሲው ሲያንጠባጥብ ባስተካክልለት፣ በብር ፈንታ አንዴ።
«ዋሻ ነው» አለኝ፤ «ከዚህ እስከ ቤትህ፣ በሰው ሽቦ መሃል የሚቆፈር፤
በሩ ላይ ቁልፍ አለ፣ የአንተና የእሷ ብቻ፣ ረጅም የፊደል ክር።»

ሦስት ሌሊት ቆፈርኩ።
አንደኛው ሌሊት ላይ ባቲ መብራት ሄደ፤
ሁለተኛው ደግሞ፣ አንዲት ፊደል ስቼ፣ በከንቱ ነጎደ።
ሦስተኛው ላይ፣ ከሌሊቱ ሰባት፣ ከስክሪኑ ጥግ፣
ብቅ አለች አረንጓዴ ነጥብ፣ ያለ ምንም ማዕረግ።

የቤቱን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ራውተሩ የሚያውቃቸው፣ ቁጥር የሰጣቸው፦
ሁለት፣ የሩቅያ ስልክ። ሦስት፣ ማተሚያዋ። አራት፣ ቴሌቪዥናቸው።
አምስት፣ እኔ።
አራት ዓመት ሙሉ ለዚያ ቤት ሐዋላ፣ ለዚያ ቤት ፎቶ ነበርኩኝ፤
ዛሬ ግን ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ ተቆጠርኩኝ።

ማተሚያዋን ቀሰቀስኳት። አንድ ገጽ ላክሁላት፤
«አለሁ» የሚል ብቻ፣ ሌላም አልጨመርኩባት።
ሩቅያ ሌባ መስሏት፣ ዱላዋን ጨብጣ፣
ወረቀቱን አየች፣ ከማሽኗ አፍ ሲወጣ።
«ዱላዬን ይዤ ነው የማናግርህ» አለች፤ መሃል ላይ ሳቋ አመለጣት፤
ወዲያው ግን፣ ቤት እንደገባ ሰው፣ ማዘዝ አማራት።
«ገብተህ የለ? የአንዋር ጫማ ጠቦታል፤ ልኩን ላሳይህ» ብላ፣ ከአልጋው አንስታ፣
ቀኝ እግሩን አኖረች መስታወቱ ላይ፣ ክዳኑን ከፍታ።

ብርሃኑ እዚያ ዝግ ብሎ፣ ከተረከዝ ወደ ጣት ሲሄድ፣
እዚህ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ መስመር በመስመር ሲወርድ፣
አየሁት፦ ተረከዝ፤ የእሾህ ጠባሳ፣ የማላውቃት፣
ማንም ያልነገረኝ፤ ከዚያ አምስት ጣት፤
ትንሿ፣ ልክ እንደ እኔዋ፣ ወደ ጎን ዘማ።
አራት ዓመት ሙሉ በግምት ነበረ የምልከው ጫማ።

ሳይሰፋ ሳይጠብ አትሜ፣ በመቀስ ዙሪያውን ቆረጥኩት፤
ቤንጋሊው ሻጭ ዘንድ፣ ከየጫማው ሆድ ከተትኩት።
«ልጁስ?» አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት።

እግሩ በደቂቃ መጣ፤ ጫማው ግን በካርጎ ሁለት ወር ይሄዳል፤
«በልኩ ይሁን?» ቢለኝ፣
«አንድ ጣት ጨምርበት፤ በመንገድ ያድጋል።»