አጃቢ

ከስታዲየም ማዶ፣ ሊፍቱ በቆመበት ፎቅ፣
ሦስቴ ወጥቻለሁ፤ ሦስቴም መንጋጋዬን ይዤ
መሰርሰሪያው ሲጮህ ወርጃለሁ፣ ጥርሴ እንዳይወልቅ።

ዶክተር ምንትዋብ አልሳቀችም። «ፍርሃት ነውር አይደለም፤
የምታረጋጋ ኪኒን አለች፤ ግን ያለ አጃቢ አልሰጥህም።»

አጃቢ!
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሒሳብ ስደምር፣
ስልኬ ውስጥ ለጥርስ የሚጠራ አንድ ስም አልነበር።

ታች ወረድኩ። የፓርኪንግ ሠራተኛዋ እትአገኝ
«ይቺን ቲኬት ቆርጬ ልምጣ» አለችኝ፤
ከነሰደርያዋ ወጥታ፣ ብዕሬን ተቀብላ፣
ፈረመች፣ «ዘመድ» ከሚለው ቃል ኋላ።

ኪኒኗ ከምላሴ ሥር ሟሟች። «ከአሥር ወደ ታች ቁጠር።»
ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት ላይ፣
እኔ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ጠፋኝ ቁጥር።
መሰርሰሪያው ጮኸ፤
የጎረቤት ግድግዳ ነው ብዬ ተውኩት።

ስነቃ ጥርሴ በጥጥ ተጠቅልሎ እጄ ውስጥ ነበረ፤
ግማሽ ሰዓት ከቀኔ ያለ ደረሰኝ ቀረ።

ፍርሃቴስ?
እሱ ኪኒን አልወሰደም፤
አግዳሚው ላይ፣ እትአገኝ ጎን፣
ጃኬቴን ታቅፎ ቁጭ ብሏል።

ሦስት ሆነን ወረድን።
ደረጃውን እሷ ቆጠረችልኝ።